ያላቆጠቆጡት የሞጣ ጉቶዎች

ወደ ሞጣ የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። እኔ ያልኩትን አምነው ሦስት ክረምት ሙሉ አንድ ተራራ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ፊት ቆሜ «የነገርኳችሁ ስሕተት ነው» ልላቸው ነው የሄድኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ፏፏቴና ሐውልት እየጠበቀ እንዳይደክም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ እዚያው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የኛ አገር ሀብት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም አይሞትም። ዝቅ አድርገው ሰያፍ ከቆረጡት ጉቶው ላይ ውሃ አይቋጥርም፤ አፈር ካስታቀፉት አይደርቅም፤ ከብት ካልደረሰበት ደግሞ ክረምት ሲገባ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል። ከዚያ ከየጉቶው ሁለት ሦስት ቀጥ ያሉትን መርጦ ሌላውን መመልመል ነው። ይህን ለስንት ሰው እንዳስተማርኩ እንጃ።

የሞጣው ጣውላ ነጋዴ ሰይድ፣ ልጁ እኛ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲማር እኔ ግቢ ተከራይቶ ስለነበር ቤተሰብ ሆነናል። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የጎረቤቴ ልጅ ሰርግ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ወጥ ሳወጣ ደወለ። ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ተራራው ላይ የነበረውን ደን ለጣውላ ሸጦለት፣ ቆርጦ አንሥቶ ጨርሷል። «ጉቶውን ምን እናድርገው ይላሉ፤ እትዬ ወርቄ ትንገረን» አለኝ። ጭልፋውን በአንድ እጄ እንደያዝኩ፣ ከዘፈኑ በላይ እየጮኽኩ ነገርኩት። አፈር አስታቅፉት፣ እያንዳንዱን ጉቶ በእሾህ እጠሩት፣ ከብት አታስገቡ፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ታዩታላችሁ። ምን ዛፍ እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኛ ጋ ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ዘንድሮ ጥቅምት መግቢያ ላይ ያው ሰይድ ፎቶ ላከልኝ። «እስካሁን ምንም አላቆጠቆጠም። የሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ አለ፤ ተራራው ለግጦሽ ይከፈት የሚሉ በዝተዋል» ይላል። ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ቅርፊቱ ቀጭን፣ እንደ ክር የተተለተለ፤ እንጨቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። የፈረንጅ ጥድ ነበር። የፈረንጅ ጥድ ከተቆረጠ ሥሩም አብሮ ይሞታል፤ ዕድሜ ልክ ቢጠብቁት አያቆጠቁጥም። በደርግ ጊዜ በዘመቻ የተተከለ ስለነበር የአካባቢው ሰው ተቆርጦ አይቶት አያውቅም። ሰይድም የሚያውቀው ጣውላውን እንጂ ሥሩን አይደለም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ሁለት ጊዜ ካጣራሁ በኋላ በጠዋት ተነሣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ጋቢ፣ የተራራ ጫማዬን፣ ሜትርና ቆሎ ከተትኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጥቅምት ላይ አጥንት ስለሚገባ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ለዚህም ኋላ ዋጋዬን አገኘሁ።

አዲስ አበባ ያደርኩት እኅቴ ቤት ነው። እራት እየበላን ጉዳዬን ስነግራት ሳቀች። «ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ አገር የምታቋርጪው? ስልክ የለሽም?» አለችኝ። ስልክማ አለኝ። ጥፋቱን የሠራሁት በስልክ ስለሆነ እንደገና በስልክ ላስተካክለው አልፈለግሁም፤ ከሷም ጋር ብዙ አልተከራከርኩም።

አርብ

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ያ ሁለት ሹራብ ጉድ አደረገኝ። የላይኛውን ለማውለቅ ስታገል ክርኔ አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ቄስ መታቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው «አይዞሽ፣ አውልቂው፤ በረሃው ከኔ ይልቅ አንቺን ጠልቶሻል» አሉኝና የሹራቡን እጅጌ ይዘው ጎተቱልኝ። ደጀን ወጥተን ሽሮ በላን። ሽሮው እንደኛ አገር ወፍራም አይደለም፤ ቀጠን ብሎ ቃሪያ የበዛበት ነው። እውነት ለመናገር ከኛ ይሻላል፤ ይህን ግን ደብረ ብርሃን ላይ አልናገርም።

ከደጀን ወደ ቢቸና ያለው መንገድ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው። እኛ ጋ በዚህ ወር ገብስ ነው የሚታየው። ቢቸና ስንቃረብ ግን አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ በየመንገዱ ዳር አጣና ተከምሯል፣ በየማሳው ጫፍ ባሕር ዛፍ ተደርድሯል። ከመኪና እንደወረድኩ አንዱ ማሳ ጥግ ያለውን ጉቶ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዝቅ ብሎ፣ ሰያፍ ተቆርጦ፣ ሦስት ቀጥ ያሉ ቡቃያዎች ብቻ ተትተውለት ነበር። ከኔ ምንም የሚማሩት የለም ብዬ ደስ አለኝ።

ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ሰፊ ሴት ናት፣ ድምፅዋም እንደዚያው። እግሬ ማበጡን ስታይ ሳትጠይቀኝ ሙቅ ውሃ በጨው አምጥታ በርከክ አለች። እንቢ ብላት የማትሰማ ናት። «ለምን ጉዳይ ነው ወደ ሞጣ?» አለችኝ ተረከዜን እያሸች።

«ያጠፋሁት ነገር አለ፤ ልነግራቸው ነው።»

«ካወቁሽ ምን ያደርጉሻል?»

«አላውቅም።»

«ካላወቁሽ ደግሞ ምን ልትሆኝ ትሄጃለሽ?» ብላ ቀና ብላ አየችኝ። ሳቀችና እግሬን በፎጣ ጠቅልላ፣ «ነገ ጫማ እንዳታደርጊ፣ ያቺን ነጠላ ጫማ አድርገሽ ሂጂ» አለችኝ። አሮጌ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበር። የጫማውን ገንዘብም አልቀበልም አለች።

ቅዳሜ

ጫማዬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ ሻንጣው መኪና ላይ ተጭኖ፣ በነጠላ ጫማ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ረዳቱ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎት የኔን ሻንጣ አውርዶ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት ሞጣ ደርሼ የማላውቀው ጆንያ ሲያቀብለኝ ነው። ጆንያው ውስጥ ሽንኩርት ነበር። ጮኽኩ፤ ረዳቱም ጮኸ፤ በመጨረሻ ሾፌሩ «ሰኞ ስመለስ ሻንጣሽን ደብረ ወርቅ አስይዤ አስረክብሻለሁ፣ እመኚኝ» አለኝ። ከማመን ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ሰይድ የገበያ ቀን ስለነበር ሱቁን ለልጁ ትቶ መጣ። ቤቱ እንደገባን ሚስቱ ዘይነባ እግሬን አይታ ወጥታ፣ የሰይድን የክረምት ቦቲ ይዛ ተመለሰች። ሁለት እግሬን በአንዱ መክተት እችል ነበር። ዘይነባ ጨርቅ ጠቅጥቃ አስተካከለችልኝ።

«ጽጌን ትጾሚያለሽ?» አለችኝ።

«በየዓመቱ አስበዋለሁ፣ ጀምሬው አላውቅም።»

«እንግዲያ ዶሮ ነው» አለችና ዶሮዋን አንጠልጥላ ወደ ጎረቤት ሄደች። ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣባት ሥጋው በክርስቲያን እጅ ታርዶ፣ በጎረቤቷ ድስት ተሠርቶ ይመጣል። የጎረቤቷ እንግዳም ሙስሊም ሲሆን እንዲሁ ወደ ዘይነባ ይመጣል። ስንት ዓመት እንደኖሩበት ስጠይቃት ጥያቄዬ አልገባትም።

ከሰዓት በኋላ ከሰይድ ጋር ወደ ተራራው ወጣን። መንገድ ላይ ስለ ስብሰባው ነገረኝ። ተራራው ይከፈት የሚለው ጋሽ አያሌው ነው፤ ብዙ ከብት ያለው፣ ቀልደኛ፣ ሰው የሚሰማው ሰው። ማኅበሩ ጉቶዎቹን ለየአባወራው አከፋፍሎ ሁሉም የድርሻውን በእሾህ እንዲያጥርና እንዲጠብቅ ቢስማማም፣ አያሌው አንድ ጊዜ አጥሮ ከሄደ ወዲህ ተመልሶ አላያቸውም አሉ።

ተራራው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከታች እስከ ላይ ክብ ክብ የእሾህ አጥር ነው፤ እያንዳንዱ መሐል አንድ ግራጫ ጉቶ። እንዳልኳቸው አፈር አስታቅፈውታል። አንዱንም አላጓደሉም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በኔ ግድ የለሽ አፍ ይህን ሁሉ መልፋታቸው አሳፈረኝ።

የመጀመሪያውን አጥር ዘንበል ብዬ ሳይ ግን ጉቶው ሥር አንድ ወይራ በቅሎ አየሁ። በሚቀጥለውም ወይራ። በሦስተኛው ብሳና፣ ካጠገቡ አጋም። ዞር ብዬ ታች አየሁ፤ ከተራራው ግርጌ ያለውን ቤተ ክርስቲያን የከበበው አሮጌ ደን በወይራ የተሞላ ነው። ዛፍ በሌለበት ተራራ ላይ ወፍ የምታርፍበት ሌላ ነገር ስለሌለ ጉቶው ላይ ታርፋለች። የበላችውን የወይራ ፍሬ እዚያው ትጥላለች። የታቀፈው አፈር ይቀበለዋል፣ እሾሁ ከፍየል ይጠብቀዋል። የሞተው ጉቶ ሥር ሌላ ደን እየመጣ ነበር።

«ሰይድ! ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«ወይራውን? አረም ነው ብለን ነዋ። የምንጠብቀው ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ አይደል?»

ወደ ላይ ስንወጣ ጥቂት አጥሮች ብቻ ባዶ ነበሩ፤ ተኮትኩተው፣ ተለቅመው፣ እንደ ደጅ የተጠረጉ። እዚያ አንዲት የኔ እኩያ የምትሆን ሴት መኮትኮቻ ይዛ ተንበርክካለች። እናኑ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት ናት። ሰይድ ማን እንደሆንኩ ሲነግራት ብድግ ብላ በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«አንቱ ነዎት ባለሙያዋ! እንዲያው እንዳሉት አድርጌ ይዣቸዋለሁ። የጉቶውን ጉልበት እንዳይሻማ ምንም አላስበቅልም፤ በቅሎ ባየሁ ቁጥር እነቅላለሁ። ላሜን ሸጥሁ፤ ግጦሹ ሲዘጋ ምን ላብላት? ቤቴ ዘሟል። ከዚህ ማገርና ወራጅ እስካገኝ ብዬ በድጋፍ አቁሜዋለሁ። መቸ ነው እንግዲህ የሚወጣው?»

ለነገ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ዛሬ ይጠየቅብኛል ብዬ አላሰብኩም። ግን እጄን ይዛ ቆማለች።

«አይወጣም፣ እኅቴ» አልኳት። «ይህ የፈረንጅ ጥድ ነው። ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ምን ዛፍ እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የነገርኳችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እጄን ለቀቀችው። ጉቶዎቿን አየች፤ ከዚያ ከጎን ያለውን የሰው አጥር፣ ውስጡ የቆመውን ወይራ አየች።

«የነቀልኳቸውስ?»

«እነሱ ነበሩ ደኑ» አልኳት።

«ታዲያ የተጋሁት እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ፤ የተኛው አያሌው ለመለመለት? አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ዓመት በጉልበቴ ስንበረከክ የት ነበርሽ?»

ከአንቱ ወደ አንቺ መውረዴን ሰማሁት፤ ይገባኝ ነበር። እናኑ መኮትኮቻዋን አነሣች። «ነገ ይህንኑ ለሁሉም ትናገሪዋለሽ። ለኔ ብቻ ነግረሽ እንዳትሄጅ» ብላኝ ቁልቁል ወረደች።

ስንመለስ ሰይድ ተጨነቀ። «እትዬ፣ ነገ ‹አንድ ዓመት ታገሡ› በያቸውና ይብቃ። እውነቱን ከነገርሻቸው አያሌው ያሸንፋል፤ ሰኞ ጠዋት ከብቱ ተራራው ላይ ነው። ወይራውም አለቀ ማለት ነው።» እውነቱን ነው፤ ይህን እኔም አስቤዋለሁ። ግን ያንን ተራራ ሁለተኛ ጊዜ በሐሰት ላጥረው አልችልም ነበር። እንቢ አልኩት። ዶሮው ጥሩ ነበር ይባላል፤ እኔ ጣዕሙን አላስታውስም።

እሁድ

ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ ተራራው ግርጌ ነበር። ተነሥቼ በአጭሩ ተናገርኩ፤ ምን እንደተጠየቅሁ፣ ምን ሳልጠይቅ እንደቀረሁ፣ ጉቶዎቹ እንደሞቱ። እናኑ ከፊት ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዱ ሽማግሌ «በስማም» እያሉ አማተቡ።

አያሌው ተነሣ። «እንግዲህ ሰማችሁ። ከብቶቻችን የተራቡት ለሬሳ ዘብ ቆመን ነው። ሣሩ ወገብ ደርሷል፣ ዛሬውኑ ይከፈት። እጅ እናውጣ።»

«እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ከኔ ጋር ውጡ» አልኩ። «ጉቶውን ሳይሆን ሥሩ ያለውን እዩልኝ። ከዚያ ብትከፍቱትም አፌን እዘጋለሁ።»

እየተነጫነጩ ተከተሉኝ። እኩሌታው ላይ የሰይድ ቦቲ ሣሩ ውስጥ ተጠልፎ ቀረና እግሬ ብቻውን ወጣ፤ በቂጤ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጎትቶ ያነሣኝ አያሌው ራሱ ነው፤ ቦቲውንም አራግፎ አጠለቀልኝ። ከዚያ ወዲያ የሰው ፊት ፈታ አለ።

«የጋሽ አያሌው ድርሻ የትኛው ነው?» አልኩ።

አያሌው ግራ ቀኝ አየ። አያውቀውም። ሰው ደግሞ መሳቅ ሲጀምር እናኑ ከኋላ መጣችና «ያንተ ይኸውና፣ ከዚህ እስከዚያ ቋጥኝ» አለችው። የሁሉንም ታውቃለች። የአያሌው አጥሮች ማንም ስላልነካቸው ከተራራው ሁሉ የለመለሙት እነሱ ነበሩ፤ በአንዱ ብቻ አምስት ወይራ ተጨናንቋል፣ ትልቁ ከአያሌው ጉልበት ያልፋል። አያሌው ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው።

«ይህ የጣውላ እንጨት አይደለም» አልኳቸው። «ቶሎም አያድግም። ማገር የሚጠብቅ ሰው ከዚህ አያገኝም፤ ይህን ደግሞ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን ይህን ደን የተከለው ሰው የለም፤ እናንተ በማጠራችሁ ብቻ ነው የመጣው። ከብት ከገባ በአንድ ሳምንት ያልቃል።»

ሁሉም ወደ እናኑ ማየት ጀመሩ፤ ላሟን እንደሸጠች፣ ቤቷ እንደዘመመ ያውቃሉ። ያልኩት ከማንም ይልቅ የሷን ተስፋ እንደቆረጠ ገብቷቸዋል።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ሦስት ዓመት የማላውቀውን ዛፍ ጠብቄአለሁ። ወይራን ግን አውቀዋለሁ። የማውቀውን መጠበቅ አያቅተኝም። አይከፈት!» ብላ እጇን ቀጥ አድርጋ አወጣች።

የሷ እጅ ሲወጣ ሌላውም ወጣ። አያሌው መጨረሻ ላይ አወጣ፤ ግን ሁኔታ አስቀመጠ። ሣሩ እዚያው አይበሰብስም፣ እያንዳንዱ በማጭድ አጭዶ ለከብቱ ይወስዳል። ይህ የሁሉንም ችግር ስለሚፈታ ማንም አልተቃወመም። እኔም በልቤ ይህን ቀድሜ አለማሰቤ ገረመኝ።

ሲበተኑ እናኑ ጠራችኝ። «ከአያሌው አምስት ወይራዎች አራቱ ወደኔ ጉቶ ይዛወሩ ይሆን?»

«አሁን ዝናቡ አልቋል። ሐምሌ ላይ ከነአፈሩ ከተነሣ ይይዛል።»

«ሐምሌ መጥተሽ ታነሽዋለሽ።»

«ማገሩንም ከግቢዬ ባሕር ዛፍ ቆርጬ …»

«ማገር ከቢቸናም እገዛለሁ» አለችኝ። «አንቺ ነይ። በስልክ አይዶለም።»

ሰኞ

ዘይነባ ቦቲውን እንድወስደው ብትለምነኝም ታጥቦ ሲመለስ የሰይድን ፊት አይቼ ትቼው በነጠላ ጫማዬ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ቃሉን ጠበቀ። ደብረ ወርቅ ላይ ሻንጣዬን የያዙት ሰውዬ መኪናው ሳይቆም ጀምሮ እጃቸውን እያወዛወዙ ጠበቁኝ፤ የሽንኩርታቸው ጆንያም ከኔ ጋር ነበር። ተለዋወጥን። ሻንጣውን ስከፍተው ምንም አልጎደለም፤ ቆሎዬ ላይ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበታል።

ቢቸና ወርጄ የመንገድ ጫማዬን አደረግሁና ነጠላ ጫማውን ለአልጋ ቤቷ ባለቤት መለስኩላት። «ምን አደረጉሽ?» አለችኝ።

«ሐምሌ ተመለሽ አሉኝ።»

«ቀላል ነው የቀጡሽ» አለችና የአዲስ አበባ መኪና እስኪመጣ እንጀራ በምስር አበላችኝ።

ደጀን ልንገባ ስንል ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ሰው ነው፤ ከሰይድ ቁጥሬን አግኝቶ፣ ከደጀን በሌላው መንገድ ካለችው አምበር ይደውላል። እነሱም ደን ሸጠው ተቆርጧል፤ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ምን እናድርግ ይላል። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ረዳቱ ሒሳብ ይጠይቃል።

«ምን ዛፍ ነው?» አልኩት።

«ምን?»

«ዛፉ! ምንድን ነው ዛፉ?»

«ያው … ዛፍ ነው እንጅ፣ እሱን እንኳ አላጣራሁም» አለ።

ትኬቴ እስከ አዲስ አበባ የተቆረጠ ነው፤ እኅቴም እራት ትጠብቀኛለች። ደጀን ስንደርስ ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ፤ የተራራ ጫማዬን አውጥቼ አጠለቅሁ፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ወደ አምበር የሚሄድ መኪና ፍለጋ ሄድኩ።